የነባር ሕዝብ ተወካዮችን ወደ ዩኤን ስብሰባ የሚልከው ፈንድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በስልክም በቴሌግራምም ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ሰብስቤዋለሁ፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ አስቸጋሪው እሄዳለሁ (ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ፈንዱ ምንድነው?

የዩኤን ጠቅላላ ጉባኤ በ1985 ያቋቋመው የበጎ ፈቃድ ፈንድ ነው። ሥራው ከራሱ ኪስ ከፍሎ ጄኔቫ ወይ ኒውዮርክ መድረስ የማይችል የነባር ሕዝብ (በእንግሊዝኛ ኢንዲጂነስ የሚባለው፣ ማን እንደሆነ ታች እመለስበታለሁ) ተወካይ ስለሱ ሕዝብ በሚወራበት አዳራሽ ውስጥ እንዲገኝ ትኬቱንና ማደሪያውን መሸፈን ነው። መጀመሪያ የተቋቋመው በ1982 ጄኔቫ ላይ ለተጀመረው የሥራ ቡድን ተብሎ ነበር፣ ያ ቡድን አሁን የለም፣ ፈንዱ ግን ጠቅላላ ጉባኤው በየጊዜው እያሰፋው ብዙ ስብሰባዎችን ይሸፍናል።

የሚያስተዳድረው ጄኔቫ ያለው የዩኤን የሰብአዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነር ቢሮ ነው። ማን ይሂድ የሚለውን የሚያየው ግን አምስት አባላት ያሉት ቦርድ ነው፣ እነሱም ራሳቸው ከነባር ሕዝቦች የወጡ ሰዎች ናቸው፣ ዋና ጸሐፊው ለሦስት ዓመት ይሾማቸዋል። ስለዚህ ማመልከቻችሁን የሚያነበው ሰው ስለ ግጦሽ መሬት ስታወሩ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ይገባዋል፣ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።

ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው?

ከመንግሥታት፣ ከድርጅቶችና ከግለሰቦች መዋጮ። የዩኤን መደበኛ በጀት አይደለም፣ ለጋሾች ሲቀዘቅዙ የሚሄደውም ሰው ይቀንሳል። በቅርብ ዓመታት ዩኤን ራሱ ገንዘብ አጥሮት ሲቸገር ስለቆየ ጥሩ ማመልከቻ አስገብታችሁም "አይ" ልትባሉ ትችላላችሁ፣ ያኔ ተስፋ ሳትቆርጡ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ሞክሩ።

ለየትኛው ስብሰባ ነው የሚልከው?

ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ኒውዮርክ የሚደረገው የነባር ሕዝቦች ቋሚ ፎረም ነው፣ በ2002 የጀመረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ አካባቢ ለሁለት ሳምንት የሚቀመጥ። 16 አባላት አሉት፣ ስምንቱን መንግሥታት ስምንቱን ነባር ሕዝቦች ይጠቁማሉ፣ በ2024 ሰብሳቢዋ ከቻድ የመጣችው የምቦሮሮ አርብቶ አደሯ ሂንዱ ኡማሩ ኢብራሂም ነበረች። ሁለተኛው ጄኔቫ ሐምሌ ላይ ለአንድ ሳምንት የሚደረገው የባለሙያዎች ስብሰባ ነው፣ ኤምሪፕ ይሉታል።

ከነዚህ ሌላ ከ2010 ጀምሮ የሰብአዊ መብት ምክር ቤትን፣ የየአገሩን አያያዝ የሚገመግመውን ዩፒአርንና የሰብአዊ መብት ስምምነቶችን የሚከታተሉትን ኮሚቴዎች ጨምሯል። ኢትዮጵያ በዩፒአር መጨረሻ የተገመገመችው በኅዳር 2024 ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሁሉም ሰው ኒውዮርክን ነው የሚመርጠው፣ ሰልፉም እዛ ነው። የራሳችሁ ጉዳይ በደንብ እንዲሰማ ከፈለጋችሁ ግን የኮሚቴዎቹ ስብሰባ ላይ፣ አገራችሁ በምትጠየቅበት ሳምንት መገኘት ከትልቁ አዳራሽ ይሻላል ባይ ነኝ።

ኢትዮጵያ ውስጥ "ነባር ሕዝብ" ማነው? እኛ እንገባለን?

ይሄን ጥያቄ ስመልስ ሁሌ አንድ ሰው ይቀየመኛል። ሕገ መንግሥታችን የሚያውቀው "ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ" የሚለውን ነው እንጂ ነባር ሕዝብ ብሎ ለብቻ የሚለየው የለም። የነባር ሕዝቦች መብት መግለጫ መስከረም 2007 ላይ በ144 ድምፅ ሲፀድቅም ኢትዮጵያ ድምፅ አልሰጠችም፣ ከአዳራሹ አልነበረችም።

የአፍሪካ የሰብአዊና ሕዝቦች መብት ኮሚሽን ግን ጉዳዩን የሚያየው ማን ቀድሞ መጣ ብሎ አይደለም። የሚያየው አኗኗሩ ከመሬቱ ጋር የተጋመደ፣ በዚህም ምክንያት ተገፍቶ የቆየ፣ ራሱንም እንደዛ የሚያይ ማኅበረሰብ ነወይ ብሎ ነው። በዚህ መለኪያ ከኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚነሱት አርብቶ አደሮችና ከእርሻ ውጭ በአደንና በፍሬ ለቀማ የኖሩ ትንንሽ ማኅበረሰቦች ናቸው፣ የአፋር፣ የሶማሌና የቦረና አርብቶ አደሮች፣ ታችኛው ኦሞ ላይ እነ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ኩዌጉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አርብቶ አደር ለግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል፣ ማመልከቻችሁ ላይ ይሄን መጥቀስ አይጎዳም።

"የክልሉ ባለቤት እኛ ነን፣ እነሱ መጤ ናቸው" የሚለውን የሰፈር ፖለቲካ ይዛችሁ እንዳትሄዱ ግን። ቦርዱ እንዲህ ያለውን ከየአገሩ ሰምቶታል፣ እናንተንም ያስገምታችኋል።

ምን ምን ይሸፍናል? አበል አለው?

የደርሶ መልስ ትኬት በኢኮኖሚ ክላስ፣ እና ለማደሪያ፣ ለምግብ፣ ለከተማ ውስጥ ትራንስፖርት የሚሆን የቀን አበል። ደሞዝ የለውም፣ ለድርጅታችሁ የሚሰጥ የፕሮጀክት ብርም የለውም፣ ከብት ትታችሁ ለሄዳችሁበት ጊዜም ካሳ የለም።

አበሉ አዲስ አበባ ሆናችሁ በብር ስትመቱት ብዙ ይመስላል፣ ጄኔቫ ላይ ግን ሆቴሉ ብቻውን ግማሹን ሊበላው ይችላል። ስለዚህ እንደ ሀዋሳ ወይ ቢሾፍቱ ወርክሾፕ "ተርፎኝ እመለሳለሁ" ብላችሁ አታስቡ። ትንሽ የምትቆጥቡበት ነገር አለ፣ ጄኔቫ ሆቴል ያደረ ሰው በነጻ የአውቶቡስና የትራም ካርድ ይሰጠዋል፣ ተቀበሉና ታክሲ እርሱ።

አዲስ አበባ ያለ ኤንጂኦ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ማመልከት እችላለሁ?

የነባር ሕዝብ ድርጅት ወይ ማኅበረሰብ ተወካይ ከሆናችሁና ያለ ፈንዱ መሄድ የማትችሉ ከሆነ አዎ። ስለነሱ የምትሠሩ ባለሙያ ብቻ ከሆናችሁ ግን ይሄ ለናንተ አይደለም፣ የድርጅታችሁን የጉዞ በጀት ተጠቀሙ።

ሐቁን እንነጋገር፣ እኛ አገር ከውጭ የመጣ ግብዣ መጀመሪያ የሚደርሰው ቦሌ አካባቢ ቢሮ ላለው፣ እንግሊዝኛው ለተቃና፣ ስብሰባ ለለመደ ሰው ነው፣ እሱም ራሱን ይመዘግባል፣ ጂንካ ወይ ያቤሎ ያለው ሰው ደግሞ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ያያል። ፈንዱ የተቋቋመው ይሄን ለመስበር ነው። ለመላክ የሚገባው የሚያምር ፕሬዘንቴሽን የሚያቀርበው ሳይሆን፣ ተመልሶ መጥቶ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ "እንዲህ አልኩ፣ እንዲህ መለሱልኝ" ሲል ሽማግሌዎቹ የሚያምኑት ወይ የሚያምኗት ነው። ምርጫው ላይ የሴቶችና የወጣቶች ቁጥር፣ የአካል ጉዳትና የየአህጉሩ ሚዛንም ይታያል፣ ስለዚህ ሴት እህቶቻችንን ወረፋ መጨረሻ ላይ አታስቀምጡ።

ድርጅታችን የኢኮሶክ ስታተስ የለውም፣ ይጎዳናል?

ለፈንዱ አይጎዳም (ስታተሱ ዩኤን ለድርጅቶች የሚሰጠው የአማካሪነት ዕውቅና ነው)። ለሐምሌው የጄኔቫ ስብሰባም አያስፈልግም፣ የነባር ሕዝብ ድርጅት ያለ ስታተስ ተመዝግቦ ይገባል። የሰብአዊ መብት ምክር ቤት ላይ ለመናገር ግን ስታተስ ያለው ድርጅት ስሙን ማበደር አለበት፣ እሱን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ፎርሙ ላይ ሰው የሚወድቀው የት ነው?

ስምና ቀን ላይ! እየሳቅኩ አይደለም። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፣ ፎርሙ ደግሞ የቤተሰብ ስም ይላል፣ አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን፣ ሦስተኛው ሰፈር የሚጠራበትን። ከዛ ትኬቱ በአንድ ስም ይቆረጣል፣ ፓስፖርቱ ሌላ ይላል፣ አየር መንገዱ ደግሞ በዚህ ቀልድ አያውቅም። መፍትሔው ፓስፖርቱን ከፊት ዘርግቶ ፊደል በፊደል፣ በፓስፖርቱ ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው፣ "ኬ" የተጻፈውን "ኪው" አታድርጉት። የልደት ቀንም እንደዛው፣ 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ፎርሙ ላይ 1980 ብሎ ከሞላ ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቶ ቁጭ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው የድጋፍ ደብዳቤው ነው። በድርጅቱ ማኅተምና አርማ፣ በመሪው ወይ በቦርዱ ተፈርሞ ይምጣ፣ አመልካቹ ለራሱ አይፈርም። የወረዳ ወይ የዞን ማኅተም ያከብደዋል ብሎ የሚሮጥ ሰው አለ፣ የሚፈለገው የመንግሥት ድጋፍ አይደለም፣ ሕዝቡ ልኮኛል የሚል ነው። "እገሌ ትጉህና ታታሪ ነው" የሚለው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ምንም አይጨምርም። የሚጨምረው እንዲህ ያለው ነው፦ በዚህ ቀን እዚህ ቦታ ተሰብስበን ስለ ግጦሽ መሬታችን መታጠር ተነጋገርን፣ እገሊትን እንድትናገርልን መረጥን፣ ስትመለስም እዚሁ ታስረዳናለች።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ከስብሰባው ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሆነ ክረምት ላይ ለሚደረግ ስብሰባ ፋሲካ ሲደርስ ልጀምር ካላችሁ አልፏችኋል። በኢንተርኔት ነው የሚሞላው፣ ኔትወርክ በሌለበት አካባቢ ያላችሁ መልሱን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጨርሱና ከተማ ስትወጡ አንዴ ግቡ።

እንግሊዝኛ አልችልም፣ ቀረብኝ ማለት ነው?

ፎርሙን የሚሞላላችሁ ሰው ካለ አልቀረባችሁም። የሚቀበሉት በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽና በሩሲያኛ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ በስድስቱ የዩኤን ቋንቋዎች ይተረጎማል፣ አማርኛም ሶማሊኛም አፋርኛም የለበትም። በራስ ቋንቋ መናገር ይቻላል፣ ትርጉሙን ግን ራሳችሁ ይዛችሁ መምጣት አለባችሁ። ጄኔቫ ላይ ዶሲፕ የሚባል በ1978 የተቋቋመ ማዕከል አለ፣ ለነባር ሕዝብ ተወካዮች በትርጉምና በሰነድ ሥራ ይረዳል፣ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትፈልጉት እነሱን ይሁን።

ተመርጫለሁ፣ ቪዛውስ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቀረው። ፈንዱ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል እንጂ ቪዛ አይሰጥም፣ ኤምባሲው "አይ" ካለ ትኬቱም አብሮ ይቀራል።

ፓስፖርት ሳይኖራችሁ አታመልክቱ፣ መመረጣችሁን ሰምታችሁ ኢሚግሬሽን ወረፋ ብትይዙ አይደርስም፣ የልደት ሰርተፊኬት የሌላቸው አባቶችና እናቶች ደግሞ እሱን ከማውጣት ነው የሚጀምሩት። ለጄኔቫ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፣ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፣ መደበኛው ምርመራ 15 ቀን ነው ቢባልም ቀጠሮው ራሱ ሳምንታት ይወስዳል። የጉዞ ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ለኒውዮርክ ኢንተርቪው አለ። አሜሪካ በ1947 ከዩኤን ጋር በገባችው ውል የተጋበዘ ሰው እንዳታግድ ግዴታ አለባት፣ ግን መስኮቱ ጋ ቆሞ ውል መጥቀስ ብዙ አያዋጣም።

ቆንስሉ ማወቅ የሚፈልገው ትመለሳለህ ወይ የሚለውን ነው። አርብቶ አደር የባንክ ስቴትመንት የለው፣ የደሞዝ ወረቀት የለው። የምታቀርቡት የማኅበራችሁን የምዝገባ ሰርተፊኬት፣ የጋብቻና የልጆች ወረቀት፣ ከስብሰባው በኋላ የሚጠብቃችሁን ሥራ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ሲጠየቁ አጭር መልስ፣ የተሸመደደ ሳይሆን የራስ። ለቪዛ ከጂንካ ወይ ከሰመራ አዲስ አበባ የመመላለሱን ወጪ ማን እንደሚችል ደግሞ ፈንዱን አስቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ በኋላ ይወራረዳል ብላችሁ አትበደሩ።

"መመዝገቢያ ክፈሉና እናስመርጣችኋለን" የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው?

ውሸት ነው። ዩኤን ለማመልከቻም፣ ለምርጫም፣ ለመግቢያ ባጅም አምስት ሳንቲም አይቀበልም። የኒውዮርክ ኮንፈረንስ ግብዣ ብለው ቴሌግራም ላይ የሚሸጡትን ብሎክ አድርጉ፣ የኢሜይሉን ጅራት እዩ፣ ጂሜይል ከሆነ በቃ ተውት።

ሦስት ደቂቃ ለመናገር ይሄ ሁሉ ጉዞ ምን ይጠቅማል?

ጥሩ ጥያቄ። በ1923 ደስካሄህ የሚባል የሆደኖሾኒ ተወካይ ካናዳ ከሚኖረው ሕዝቡ ተልኮ፣ የራሱን ሕዝብ ፓስፖርት ይዞ ጄኔቫ መጣ፣ ከዩኤን በፊት የነበረው የመንግሥታት ማኅበር፣ ሊግ ኦፍ ኔሽንስ፣ ግን ሳይሰማው መለሰው፣ ዓመት ከምናምን እዛ ቢቆይም አዳራሹ አልተከፈተለትም። በዛው ዓመት መስከረም ላይ ነው ኢትዮጵያ የሊጉ አባል የሆነችው፣ አስቡት፣ እኛ በመንግሥትነት በዋናው በር ስንገባ እሱ ውጭ ቆሞ ነበር። ከ66 ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ ሞሪንጌ ኦሌ ፓርኪፑኒ የተባለ የታንዛኒያ ማሳይና የፓርላማ አባል የነበረ ሰው ጄኔቫ ላይ ተነስቶ የአፍሪካ አርብቶ አደርና አዳኝ ማኅበረሰቦችም የነባር ሕዝብ ጥያቄ አለን አለ፣ ያኔ አፍሪካ ውስጥ ጉዳዩ አለ የሚል ብዙ አልነበረም።

ያም ሆኖ በሦስት ደቂቃ ንግግር መሬት የተመለሰለት ሰው አላውቅም። ኬንያ ውስጥ ከቦጎሪያ ሐይቅ የተፈናቀሉት ኢንዶሮይስ ጉዳያቸውን ለአፍሪካ ኮሚሽን አቅርበው ነው ውሳኔው በ2010 ይፋ የሆነላቸው፣ የማው ጫካ ኦጊየኮች ደግሞ አሩሻ ያለው የአፍሪካ ፍርድ ቤት በ2017 ፈረደላቸው፣ በ2022 ካሳ ወሰነላቸው፣ አፈጻጸሙ ግን አሁንም ገና ነው። እነዚህን ያሸነፈው ሰነድና ጠበቃ ነው።

ስለዚህ ሦስቱን ደቂቃ ለመዝገብ ተጠቀሙባት፣ ዋናውን ሥራ ከአዳራሽ ውጭ ሥሩ። የነባር ሕዝቦችን መብት ለዩኤን የሚከታተለውን ልዩ ራፖርተር (ከ2025 ጀምሮ ኮንጎያዊው አልበርት ባሩሜ ናቸው) ለማግኘት ቀጠሮ ያዙ፣ ከስብሰባው በፊት ያለው የነባር ሕዝቦች ኮከስ (ተወካዮቹ ለብቻቸው የሚመካከሩበት) ላይ ከኬንያና ከታንዛኒያ ሰዎች ጋር ተቀመጡ፣ ጉዳያችሁን በሁለት ገጽ አሳትማችሁ ያዙ። ንግግሩን ስትጽፉ ደግሞ እባካችሁ ሰላምታውን አሳጥሩ! "ክቡር ሊቀመንበር፣ ክቡራን እንግዶች፣ ክቡራትና ክቡራን" እያልን አንዱን ደቂቃ ጨርሰነው፣ "የመጣሁበት ጉዳይ" ስንል ማይኩ ይጠፋል። ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ በስልክ ሰዓት እየያዛችሁ አንብቡት።

ይሄ ባይሳካ ሌላ መንገድ አለ?

አለ። የሰብአዊ መብት ቢሮው ከ1997 ጀምሮ የሚሰጠው የነባር ሕዝቦች ፌሎሺፕ አለ፣ ጄኔቫ ላይ ሳምንታት የሚወስድ ሥልጠና ነው፣ ለወጣቶች ከአንድ ስብሰባ ይበልጣል። ስለ ባህላዊ ዕውቀትና መድኃኒት ከሆነ ጉዳያችሁ የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በ2005 ያቋቋመው የራሱ ፈንድ አለው፣ የብዝኃ ሕይወት ስምምነቱም እንደዛው። ባንጁል ያለው የአፍሪካ ኮሚሽን ደግሞ ቅርብም ርካሽም ነው፣ የኛ ሰዎች ለምን እንደሚንቁት አይገባኝም።

ሄጄ ብናገር አገር ቤት ችግር አይገጥመኝም?

አይገጥማችሁም ብዬ አልዋሽም። መጋቢት 2007 ዓ.ም. ናይሮቢ ለሚደረግ የምግብ ዋስትና ወርክሾፕ ሊሄዱ የነበሩ ሰዎች ቦሌ ኤርፖርት ተይዘው፣ ሦስቱ በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰዋል። ከዛ ወዲህ ሕጉ በተወሰነ ደረጃ ተቀይሯል፣ ለምሳሌ የመብት ሥራ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ እንዳይቀበል ያግድ የነበረው የ2001 ዓ.ም. አዋጅ በ2011 ዓ.ም. ተሽሯል፣ ስለዚህ በዩኤን ፈንድ መሄድ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም።

ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንደምትሉና ማን ስም እንደሚጠቀስ ከማኅበረሰቡ ጋር ተስማሙ፣ እናንተ ጄኔቫ ሆናችሁ የምትጠሩት ስም እዚህ ቤቱ ያለ ሰው ነው። ንግግሩ በቪዲዮ ይተላለፋል፣ ኤምባሲያችንም ይሰማል። በመናገራችሁ ዛቻ ከደረሰባችሁ ለሰብአዊ መብት ቢሮው አሳውቁ፣ ዋና ጸሐፊው ከዩኤን ጋር ስለተባበሩ ጥቃት የደረሰባቸውን ሰዎች የሚመለከት ሪፖርት በየዓመቱ ያወጣል፣ ስም ሳይጠቀስ እንዲቀርብ መጠየቅም ይቻላል።

ውጭ አገር ነው የምኖረው፣ ለሕዝቤ ልናገር?

ሚኒሶታ ወይ ዋሽንግተን ያለ ሰው ለኒውዮርክ ስብሰባ በአውቶቡስም ይደርሳል፣ የፈንዱን ቦታ አገር ቤት ላለው ብትተዉለት ጥሩ ነው። ከእናንተ ትርጉም፣ የሁለት ገጽ ሰነድ፣ ማደሪያ፣ ከኤርፖርት መቀበል፣ ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል። መናገር ካለባችሁም የላካችሁ አካል ደብዳቤ እንደማንኛውም ሰው ያስፈልጋችኋል።

ሄጄ ብቀርስ?

ይሄን በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ብዛቱ! አገር ቤት ከተመለሰ እውነተኛ አደጋ ያለበት ሰው ጥገኝነት የመጠየቅ መብት አለው፣ እዛው ያለ ጠበቃ ያማክር፣ እሱ ላይ ማንም አይፈርድም። ስብሰባውን ለመውጫ ብቻ ለሚያስብ ግን እንዲህ ነው የምለው፣ አንድ ሰው ሲቀር በሚቀጥለው ዓመት ከዛው ማኅበረሰብ የሚያመለክተው ሰው ቪዛ መስኮቱ ጋ የሚጠየቀው ስለሱ ነው። እንደዛ ካሰባችሁ ቦታውን ለሚመለስ ሰው ልቀቁና የራሳችሁን በሌላ መንገድ ሞክሩ።